ቫሌታን በእግር፦ ስለ ማልታ ዋና ከተማ ታሪካዊ ሥፍራዎች ጥያቄና መልስ

በማልታ በኖርኩባቸው ዓመታት ብዙ ዘመድና ወዳጅ ቫሌታን አስጎብኝቻለሁ። ሰሞኑን የተላኩልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ይበቃል?

ይበቃል፤ ነገር ግን የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል እሑድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ ስለማይከፈት ቅዳሜን ለእርሱ ያድርጉት። ቫሌታ ከአውሮፓ ኅብረት ዋና ከተሞች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከከተማዋ በር ተነሥቶ የሪፐብሊክ ጎዳናን ይዞ የወረደ ሰው ሳይቸኩል በሃያ ደቂቃ ገደማ ሌላኛው ጫፍ ላይ ካለው የሴንት ኤልሞ ምሽግ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ከከተማዋ በር ጀምር ይለኛል። እርስዎስ?

እኔ ከወደቡ ማዶ ካለችው ከቢርጉ ከተማ ይጀምሩ እላለሁ። በ1565 የኦቶማን ሠራዊት ደሴቲቱን በከበበ ጊዜ ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች፣ ማለትም የካቶሊክ መነኮሳት ተዋጊዎች፣ መቀመጫቸው ቢርጉ ነበረች፤ ዛሬ ቫሌታ ያለችበት ኮረብታ ግን ጫፉ ላይ ከነበረው ከሴንት ኤልሞ ምሽግ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረበትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃል ተብሎ የታሰበው ያ ትንሽ ምሽግ ወር ገደማ ተዋግቶ ጁን 23 ቀን ቢወድቅም፣ ያስገኘው ጊዜ ለቀሩት ተከላካዮች ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ከበባውም በሴፕቴምበር ተሰበረ። ዓመት ሳይሞላ፣ ማርች 28 ቀን 1566 የማኅበሩ አለቃ ዣን ደ ቫሌት በዚያ ኮረብታ ላይ በስሙ የምትጠራውን ከተማ የመሠረት ድንጋይ አኖረ። ንድፉን ከጣሊያን የመጣው መሐንዲስ ፍራንቼስኮ ላፓሬሊ አወጣ፤ ዋና ዋናዎቹን ሕንፃዎች የማልታው ተወላጅ ጂሮላሞ ካሳር ሠራ። ቫሌት ራሱ ከተማዋ ሳትጠናቀቅ በ1568 ዐረፈ። ከቢርጉ በጀልባ ሲሻገሩ ግንቡ ከውኃው ዳር ቀጥ ብሎ ሲነሣ ያያሉ፤ ይህች ከተማ ሁለተኛ ከበባ ይመጣል በሚል ስጋት እንደ ተሠራች የሚገባዎት ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ካቴድራሉን ከውጭ አየሁት፤ ተራ ሕንፃ ነው። ከፍሎ መግባት ያዋጣል?

በቫሌታ አንድ ቦታ ብቻ ከፍለው የሚገቡ ከሆነ እርሱ ይሁን። ካሳር የምሽግ መሐንዲስ ስለ ነበር የፊት ገጹን እንደ ምሽግ ደረቅ አድርጎ ነው የሠራው፤ በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያጣል። ሰው ሁሉ ማቲያ ፕሬቲ የመጥምቁ ዮሐንስን ሕይወት የሣለበትን ጣሪያ ለማየት አንገቱን ያቀናል። እኔ አስቀድመው ወደ ታች ይመልከቱ እላለሁ፤ ወለሉ 400 ገደማ የፈረሰኞች መቃብር ነው፤ በየቀለሙ እብነ በረድ ተቆራርጦ በተገጠመ ሥዕል አፅም፣ ማጭድና የአሸዋ ሰዓት ያዩበታል። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ የተከለከለውም ለዚሁ ወለል ሲባል ነው።

ከዚያ በቀኝ በኩል ወዳለው የጸሎት አዳራሽ ይግቡና በዚያ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በሮም ሰው ገድሎ ከሸሸ በኋላ ማልታ ደርሶ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ በዚያ አለ፤ ስፋቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። ሰያፊው ሥራውን ለመፈጸም እጁን ከወገቡ ጀርባ ወዳለው ጩቤ ሰዷል፤ የወህኒ ቤቱ አዛዥ በጣቱ ወደ ወጭቱ ያመለክታል፤ አንዲት አሮጊት ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሁለት እስረኞች በመስኮት ያያሉ። ሠዓሊው ፊርማውን ያኖረው ከቅዱሱ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የፈረመበትም ይህ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የማኅበሩ ፈረሰኛ ከተባለ በኋላ በጠብ ታሰረ፣ አምልጦም ወደ ሲሲሊ ጠፋ፤ ማኅበሩም በሌለበት ፈርዶ ያባረረው በዚሁ አዳራሽ፣ በገዛ ሥዕሉ ፊት ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃው ብዙ ነው ይባላል።

እውነት ነው፤ ከዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ ወደ ባሕር የሚወርዱት መንገዶች ብዙዎቹ ደረጃ ናቸው። እናትዎን በዋናው ጎዳና ያንሸራሽሯቸው፤ ከጀልባ ሲወርዱም በ2012 የተከፈተውን ሊፍት ይጠቀሙ፤ 58 ሜትር አውጥቶ ከላይኛው ባራካ የአትክልት ሥፍራ ያደርስዎታል። ወደቡ ሙሉ በሙሉ የሚታየውም ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ መድፉ የሚተኮሰው ስንት ሰዓት ነው?

በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ፣ ከዚያው የአትክልት ሥፍራ ሥር ነው። የእናትዎን ጆሮ ያስቡ።

ጥያቄ፦ በከተማዋ መግቢያ ያለው ምሰሶ የበዛበት ፍርስራሽ ምንድን ነው?

በኤፕሪል 1942 በቦምብ የወደመው የኦፔራ ቤት ነው። መሐንዲሱ ሬንዞ ፒያኖ አዲሱን የከተማ በርና የፓርላማውን ሕንፃ ሲሠራ ፍርስራሹን እንዳለ ትቶ ጣሪያ የሌለው ቲያትር አደረገው፤ ብዙ የከተማዋ ሰው ቅር ቢለውም ለእኔ መልካም አድርጓል።

ጥያቄ፦ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችው መላጥያ ይህች ናት?

አዎን፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የደረሰባትና እፉኝት እጁን የነደፈባት መላጥያ ማልታ ናት ተብሎ ይታመናል። በቫሌታ በዚሁ መርከብ መሰበር ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሐዋርያው ነው የሚባል የእጅ አጥንትና አንገቱ ተቆርጦበታል የሚባል የዓምድ ክፍል ይታይበታል። ሕንፃው በጠባብ መንገድ ውስጥ ስለ ተሸሸገ ጠይቀው ይሂዱ። በዓሉ ፌብሩዋሪ 10 ነው።

ጥያቄ፦ በምን ቋንቋ እንግባባለን?

በእንግሊዝኛ። ነገር ግን ለማልትኛው ጆሮዎን ይስጡ፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍም እንደ ግእዝና እንደ አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ራስን «ራስ»፣ ሰማይን «ሰማ»፣ ምላስን «ልሲን» ይሉታል። አንድ ቀን በካራቫጆ ሥዕል ፊት አንዲት የማልታ እናት ለልጇ ፊርማውን በጣቷ እያሳየች ስትናገር ከጎናቸው ቆሜ ነበር፤ ከንግግሯ ለይቼ የሰማኋት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ደም» ነበር ያለችው።