ሜዳው በስንት ሰዓት የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሦስተኛ ዓመት ተማሪና የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ነኝ። የተቋሙ ስም እንዳይጠቀስ እለምናለሁ፤ የምፈልገው መፍትሔ እንጂ ሰው ማሳጣት አይደለም። ያለን ሜዳ አንድ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እስኪጨልም ያለው ጊዜ የወንዶቹ ነው። ለእኛ የተመደበልን ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ሲሚንቶው ስለሚግል ኳስ ለማንሳት መውደቅ ቀርቶ እጅ ማሳረፍም ያስቸግራል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ትምህርት ስለሚጀምር ልምምድ ባለን ቀን ምሳ የለንም። ወንዶቹ ሲጨርሱ እንግባ ብንል ሜዳው መብራት የለውም። ከስምንቱ ኳሶች ለእኛ የሚወጡት ሁለት ናቸው፤ የአንዱ ቆዳ ተልጧል። ማሊያችን ወንዶቹ ለብሰው የተዉት ስለሆነ እጅጌው ከክርናችን ያልፋል። «የሴቶች መልበሻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል አለ፤ ውስጡ ግን በተሰበሩ ወንበሮችና በሲሚንቶ ከረጢት የተሞላ በመሆኑ፣ ቱታችንን ዶርም ለብሰን መጥተን ከነላባችን እንመለሳለን። በዚህ ዓመት ወንዶቹ ለውድድር በአውቶቡስ ሲጓዙ ለእኛ «በጀት የለም፣ ቁጥራችሁም ትንሽ ነው፣ ሴቶች ብዙም ፍላጎት የላቸውም» ተባልን። ሜዳው ቢቀርብን ብለን ማለዳ በሐይቁ ዳርና ወደ ቤዛዊት በሚወስደው መንገድ ለመሮጥ ሞክረን ነበር፤ ከለከፋው የተነሣ ግማሾቻችን በሳምንቱ ቀርተዋል። ይህ የበጀት ችግር ብቻ ነው ወይስ ሕግም ተጥሷል? በአሜሪካ ኮሌጆች ለሴትና ለወንድ ቡድኖች እኩል ገንዘብ እንዲመደብ ሕግ ያስገድዳል የሚባለውስ እውነት ነው? ከየት እንጀምር?

አምበሏ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ከሁሉም በላይ አልለቅ ያለኝ የመልበሻ ክፍሉ ነገር ነው። እኔም በተማሪነቴ ዘመን የቡድን ልብሴን የምቀይረው መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ጓደኛዬ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ይዛልኝ ነበር፤ ያኔ ነገሩ ተፈጥሯዊ ስለሚመስለኝ አቤት ማለት እንኳ አላሰብሁም። አንቺ ግን ጠይቀሻል፤ ስለዚህ የምችለውን ያህል በዝርዝር እመልስልሻለሁ።

ከሕጉ ልጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመብቶችና በጥበቃዎች በመጠቀም ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ደንግጎ፣ ከበታችነትና ከልዩነት ታሪክ የወረሱትን ጉዳት ለማካካስ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ ሊወሰድላቸው እንደሚገባ ይገልጻል። የተባበሩት መንግሥታት በሴቶች ላይ የሚደረገውን መድልዎ ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 አጽድቃለች፤ የዚህ ስምምነት አንቀጽ 10 ሴት ተማሪዎች በስፖርትና በሰውነት ማጎልመሻ በንቃት ለመሳተፍ ከወንዶች ጋር አንድ ዓይነት ዕድል ሊሰጣቸው እንደሚገባ በግልጽ ይናገራል። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑም ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 9 አስፍሯል። እንግዲህ ልመና ላይ አይደለሽም፤ በሕግ የታወቀ መብት እየጠየቅሽ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ወርዶ የሜዳ ሰዓት አይደለድልም። የሰባት ሰዓቱን ፀሐይ ለእናንተ፣ የአሥር ሰዓቱን ጥላ ለወንዶቹ ያደረገው አንድ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ በሌላ ወረቀት ሊተካ ይችላል።

የአሜሪካው ሕግ እኛን አያስገድድም፤ ሆኖም ስለ ጠየቅሽውና ትምህርት ስላለው ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በጁን 1972 የወጣው፣ በተለምዶ «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ ዋና ድንጋጌው በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ሲሆን ስፖርት የሚል ቃል የለበትም። የሚለው ነገር የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም ማንም ሰው በፆታው ምክንያት እንዳይገለል ነው። ነገሩን ሜዳ ድረስ ያወረዱት ቆይተው የወጡት ደንቦችና በ1979 የተሰጠው ማብራሪያ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ለሴቱና ለወንዱ ቡድን እኩል ብር ይመደብ አይሉም። የሚመዝኑት የዕቃውንና የማሊያውን ጥራት፣ የልምምዱንና የውድድሩን ሰዓት፣ የጉዞውንና የአበሉን ሁኔታ፣ አሰልጣኙን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ ሕክምናውን ሲሆን፣ በጠቅላላው ሲታይ ሴቶቹ የሚያገኙት ወንዶቹ ከሚያገኙት ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ለስፖርተኞች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ገንዘብ ብቻ ከተሳታፊዎቹ ቁጥር ጋር እንዲመጣጠን ይጠበቃል። ልብ ካልሽው፣ አንቺ በደብዳቤሽ የዘረዘርሻቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል እነዚሁ ናቸው፤ ሰዓት፣ ኳስ፣ ማሊያ፣ ክፍል፣ ጉዞ። አድልዎ በየትም አገር ቢሆን የሚቀመጠው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ሕጉ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ እንኳ የአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲ ሴት ጀልባ ቀዛፊዎች መታጠቢያ አልነበራቸውም። በክረምት ብርድ ከውሃው ሲወጡ፣ ወንዶቹ ታጥበው እስኪመጡ ድረስ እርጥብ ልብሳቸው ገላቸው ላይ እንዳለ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። በማርች 1976 ዐሥራ ዘጠኙ ተባብረው የሕጉን ስም ገላቸው ላይ ጽፈው የዩኒቨርሲቲው የሰውነት ማጎልመሻ ኃላፊ ቢሮ ገቡና አቤቱታቸውን አነበቡ፤ ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ አገር አወቀው፤ የሴቶች መታጠቢያም ከዚያ በኋላ ተሠራ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ ማለቴ አይደለም። ሕጉ አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ሳለ ውሃ ያልመጣው፣ የእነዚያ ልጆች እርጥብ ልብስ ለወሳኞቹ ስላልታያቸው መሆኑን ለማሳየት ነው።

«ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» የሚለውን ምላሽ በተመለከተ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም፤ ከሁሉም የሚጎዳው እርሱ ነው። ሌላው የአሜሪካ ተቋም ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 የሴቶች ጂምናስቲክና የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኖቹን ከሁለት የወንዶች ቡድኖች ጋር ከበጀት ሲሰርዝ፣ ሴቶቹ ከሰሱት። ዩኒቨርሲቲው ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ሴቶች ለስፖርት ያላቸው ፍላጎት ከወንዶች ያነሰ ነው የሚል ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1996 ይህን አልተቀበለም፤ ፍላጎትና ችሎታ ከባዶ ሜዳ እንደማይበቅሉ፣ ዕድልና ልምድ እንደሚያሳድጓቸው አስረድቶ ለሴቶቹ ፈረደ። በዚያው አገር ሕጉ ሲወጣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩ ልጃገረዶች 300,000 አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ይበልጣሉ። የሴቶቹ ተፈጥሮ በሃምሳ ዓመት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተከፈተላቸው በር ነው። የእናንተንም ቁጥር ያሳነሰው ማን እንደሆነ ደብዳቤሽ ራሱ ይነግረናል። ምሳዋን ትታ፣ በጋለ ሲሚንቶ ላይ፣ በተላጠ ኳስ የምትለማመድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከዘለቀች ፍላጎቷ ከማንም ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «የኢትዮጵያ ሴቶች እኮ በኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣሉ፣ አድልዎው የት አለ?» ይላሉ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችውን ድል፣ ከእርሷም በኋላ እነ ፋጡማ ሮባ፣ መሠረት ደፋርና ጥሩነሽ ዲባባ ያመጡትን ሁሉ በኩራት እጠራለሁ። ነገር ግን የሮጡበትን ስፖርት ተመልከቺ፤ ሩጫ መረብም ዘንግም የማይጠይቅ፣ በአገራችን ከሁሉም ባነሰ መሣሪያ የሚጀመር ስፖርት ነው። መረብ ኳስ ያለ ሜዳ፣ ያለ መረብ፣ ያለ ኳስ አይጀመርም። ሩጫው ራሱ እንኳ እናንተ በሐይቁ ዳር እንዳያችሁት ለሴት ልጅ በነጻ አይገኝም። ወንዶቹ ሜዳ ቢከለከሉ ጎዳናው አለላቸው፤ እናንተ ግን ጎዳናው ላይ ለከፋ ስለሚጠብቃችሁ የግቢው ሜዳ ለእናንተ የበለጠ ያስፈልጋችኋል። ይህን ነጥብ በምታቀርቡት ማመልከቻ ውስጥ በአንደኛው አንቀጽ ላይ አስገቡት።

ወደ ሥራው እንምጣ። ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ያዙ። በየቀኑ ሜዳውን ማን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደያዘው፣ ስንት ኳስ እንደወጣ፣ የትኛው ቡድን ከአሰልጣኝ ጋር የትኛው ብቻውን እንደሠራ ጻፉ፤ የመልበሻ ክፍሉን በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። ምሬት ያለበት ቃል አትጨምሩ፤ ሰዓቱና ቁጥሩ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ አንዲት ተጫዋች የወንዶቹን ሰፊ የክብደት ማንሻ አዳራሽና ለሴቶቹ የተቀመጠውን አንድ ትንሽ የክብደት መደርደሪያ በስልኳ ቀርጻ አሳየች። አዘጋጆቹ «ቦታ ስለሌለ ነው» ብለው ነበር፤ እርሷ ግን ባዶውን ሰፊ ቦታ አብራ ስላሳየች፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ለሴቶቹ የተሟላ ጂም ተዘጋጀላቸው።

ከዚያ ጥያቄያችሁን በሁለት ክፈሉት። ሰዓቱን መደልደልና ክፍሉን ማጽዳት ብር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ይህን ዛሬውኑ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ግልባጩን ለተማሪዎች ዲንና ለሥርዓተ ፆታ ክፍሉ አድርጋችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ወይም ፊርማ ሳትቀበሉ አትመለሱ። ማሊያ፣ ኳስ፣ የሜዳ መብራትና የጉዞ አበል ግን የበጀት ነገር ናቸው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ክፍሎች ፍላጎታቸውን የሚያቀርቡት ከዚያ ወራት ቀደም ብለው ነው። ሰኔ ላይ ብትሄዱ «አልቋል» መባላችሁ አይቀርም፤ እውነትም አልቋል። ማሊያውን ስትጠይቁ በሴቶች ልክ የተሰፋ መሆኑን ጻፉ፤ ካልተጻፈ የሚገዛው የወንዶች ልክ ነው። ሜዳው ሊታደስ የታሰበ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 35 ሴቶች ጥቅማቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ዝግጅትና አፈጻጸም ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ እንዲሰጡ መብት ስለሰጣቸው፣ ከመረብ ኳስና ከሌሎቹ የሴት ቡድኖች ተወካይ በዕቅዱ ውይይት ላይ ትገኝ። ውሃ ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል አስቀድሞ ካልታሰበ ግድግዳው ከቆመ በኋላ አይመጣም።

ጥያቄ፦ እኔም ከባሕር ዳር የምጽፍልዎ የኮሌጅ ወንዶች ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። ሴቶቹ የሜዳ ሰዓት ይሰጠን እያሉ ነው። ሰዓቱን ብከፍል ልጆቼ ለውድድር አይደርሱም። ለአንዱ ለመስጠት ከሌላው መውሰድ ፍትሕ ነው? ሜዳውም የዕቃ ክፍሉ ቁልፍም በእኔ ኃላፊነት ሥር ናቸው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎን አልንቀውም። አሜሪካ ውስጥ እንደ ትግል ስፖርት ያሉ የወንዶች ቡድኖች ተሰርዘው ጥፋቱ በሴቶቹ ሕግ ላይ የተጣለበት ጊዜ አለ፤ ሕጉ ግን ቡድን ሰርዙ አላለም፣ ገንዘቡን ወዴት ማዞር እንዳለባቸው የመረጡት ኮሌጆቹ ናቸው። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀልላል፤ የተጠየቁት ሰዓት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አሥር ሰዓት ለወንዶቹ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለሴቶቹ ቢሆንና በየወሩ ቢቀያየር፣ ልጆችዎ በሳምንት ሦስት ጥሩ ልምምድ ይቀራቸዋል። በቀሩት ቀናት የሰውነት ማጠንከሪያውን ከሜዳው ውጭ ይሥሩ፤ ለወንዶቹ ወደ ቤዛዊት መሮጥ የሴቶቹን ያህል አያስፈራም። ከእነርሱ የወሰዱት የመሰለዎት ሰዓት ቀድሞም የሁለቱም ነበር፤ ሁሉንም ሲይዙት ጠያቂ ስላልነበረ የእነርሱ ብቻ መስሎ ቆየ።

የሚቀረው ቁልፉ ነው። እርስዎ ለስብሰባ ሲሄዱ ወይም ሲታመሙ ሴቶቹ ደጅ ቆመው ይመለሳሉ። ነገ ጠዋት አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ያስቀርጹ፤ በንብረት መዝገቡ ላይ አስፈርመው ለሴቶቹ አምበል ይስጧት።