ወና ከተሞች፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰው ጥሏቸው ስለሄደ ከተሞች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሱ። ቀኑም ዓመቶቹም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጎስት ታውን» ሲባል መናፍስት ያሉበት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ አለ፤ ሰው የለም፤ ይኸው ነው። ካሰባችሁት ስሙ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቀረው ሥጋው፣ የሄደችው ነፍሱ ናትና። በአማርኛ «የሙት ከተማ» የሚሉ አሉ። ይሄ ግን ነዋሪው ያለቀ ያስመስላል። አብዛኛው ዕቃውን ሸክፎ የሄደ ነው። ስለዚህ እኔ «ወና ከተማ» ማለት ይቀለኛል።

ጥያቄ፦ አንድም ሰው መኖር የለበትም?

መልስ፦ ግድ አይደለም። አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሴንትራሊያ የምትባል ከተማ አለች። በ1962 ከሥሯ ያለው የድንጋይ ከሰል ተቀጣጠለ፤ እስካሁን አልጠፋም። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። በ2020 ቆጠራ 5 ሰው ተገኘ። ያም ሆኖ ወና ነው የምትባለው።

ጥያቄ፦ ሰው ግን እንዴት ከተማ ሙሉ ጥሎ ይሄዳል?

መልስ፦ ከተማው የቆመው ለአንድ ሥራ ብቻ ሲሆን ነዋ! ናሚቢያ ያለችውን ኮልማንስኮፕን እዩ። በ1908 ዘካርያስ ሌዋላ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሸዋ ሲጠርግ አልማዝ አገኘ። ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት ጀርመኖች በረሃው መሃል ሆስፒታል፣ የዳንስ አዳራሽ፣ የበረዶ ፋብሪካ ሳይቀር ሠሩ። በኋላ ወደ ደቡብ የተሻለ አልማዝ ሲገኝ ሰዉም ተከትሎ ነጎደ። በ1956 ጭራሽ ባዶ ሆነች። አሁን አሸዋው በበር ገብቶ ሳሎን ይዟል። የጃፓኗ ሃሺማ ደሴትም ያው ናት። በ1959 ከ5,200 በላይ ሰው ታጭቆባት ነበር። በ1974 መጀመሪያ ላይ የከሰል ማውጫው ተዘጋ፤ በወራት ውስጥ ሰው አልቀረባትም።

ጥያቄ፦ ፕሪፕያትስ?

መልስ፦ በዩክሬን ከቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ጣቢያ አጠገብ ያለችው ከተማ ናት፤ እሷ ለብቻዋ ናት። የጣቢያው የኑክሌር ማብላያ የፈነዳው ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሌሊት ነው። በማግስቱ አውቶቡሶች መጡና ወደ 49,000 ሰው በሰዓታት ውስጥ ወጣ። «ለሦስት ቀን ነው» ስለተባሉ ብዙ ነገር ትተው ሄዱ። ፎቶ ላይ የምታዩዋቸውን አሻንጉሊቶች ግን ሁሉንም አትመኑ፤ ለፎቶ እንዲያምሩ ጎብኚዎች ያሰናዷቸው አሉበት።

ጥያቄ፦ ተሠርቶ ሰው ያልገባበትስ?

መልስ፦ የቻይናውን ካንግባሺ ብዙዎች እንዲያ ብለውት ነበር። ኋላ ሰው ገባበት። ገና ያልተለመደን ሰፈር ወና ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ መጎብኘት ይቻላል?

መልስ፦ አንዳንዱን። የካሊፎርኒያዋ ቦዲ ከ1962 ጀምሮ ፓርክ ናት። ቤቶቹን አያድሱም፤ እንዳይወድቁ ብቻ ይደግፏቸዋል። ሚስማር እንኳ ማንሳት ክልክል ነው። ዕቃዋን የወሰደ እርግማን ይከተለዋል ስለሚባል፣ የሰረቁትን ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የሚመልሱ አሉ። መንፈስ ፈላጊው ጠያቂያችን ከእነሱ ጋር ይግባባል።