ቤቱ ሳይለሰን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ሸዋ በር። ግራውንድ ፕላስ ዋን ቤት እያሠራሁ ነው። የብሎኬቱ ሥራ አልቋል፤ ልስን የሚጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ውጭ አገር ያለው ልጄ በስልክ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ እልካለሁ ብሎኛል። ኤሌክትሪሺያኑን ስጠይቀው «አብሽር፣ ዕቃው ሲመጣ እንገጥመዋለን» ይለኛል። እውነት በኋላ ይደርሳል?

ዕቃው ይደርሳል። ሽቦው ግን ዛሬ ካልገባ በኋላ ልስን ማፍረስ ነው። በተለመደው አሠራር ወደ ማብሪያ ሳጥን የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ በአንዱ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ይወርዳል፣ በሌላው ወደ አምፖሉ ይመለሳል። ኒውትራሉ (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) ከጀንክሽን ቦክስ፣ ማለትም ሽቦዎች ከሚገናኙበት ሳጥን፣ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ስለሚሄድ ማብሪያው ጋ አይደርስም። ልጅዎ የሚልከው ማብሪያ ደግሞ መብራቱ ጠፍቶም ነቅቶ ትእዛዝ ስለሚጠብቅ ለራሱ የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋል። ያለ ኒውትራል የሚሠሩም አሉ፤ እነሱ ግን ኃይላቸውን በአምፖሉ በኩል ነው የሚስቡት። አምፖሉ የ5 ወይም የ7 ዋት ኤልኢዲ ከሆነ አጥፍተውት ሲተኙ በጨለማው ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዱም ይርገበገባል። ለዚህ ተብሎ አምፖሉ ላይ የሚገጠም ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ አዲስ ቤት እየሠሩ እዚያ ውስጥ መግባት ግን ለምን?

ኒውትራሉን ወደ እያንዳንዱ ማብሪያ ሳጥን ማውረድ ወጪው ይህን ያህል አይደለም። ቤቱ 14 ማብሪያ ካለውና ከጀንክሽን ቦክስ እስከ ማብሪያ በአማካይ 3 ሜትር ቢሆን፣ የሚጨመረው 42 ሜትር ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው፤ የባለ 100 ሜትሩ ጥቅል ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቀለሙ ቤቱን በሙሉ አንድ ይሁን፣ ሰማያዊ። ሳጥኑ ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎ፣ ጫፉ በተርሚናል ተዘግቶ ይታጠፍ። ሁለት ነገር ግን አጥብቀው ይቆጣጠሩ። ኒውትራሉ የዚያው መብራት መስመር መሆን አለበት፤ ከቤቱ ሌላ መስመር ከተበደሩት በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆርጠው መከላከያ ያለ ምክንያት የሚመስል መቆራረጥ ያመጣል። የመሬት ሽቦውን በኒውትራል ቦታ ማሠራትም ያው ነው፣ እንዲያውም ሰው ይይዛል።

የሳጥኑን ጥልቀት ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ማብሪያውና ሦስት ሽቦ አይታጠፉም፤ ባለ 47 ሚሊ ሜትሩን ያስገቡ። በ10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ ሁለት ሳጥን ጀርባ ለጀርባ ከገጠመ ግድግዳው ይበሳል፤ አንዱን 20 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ያድርጉት። ልጅዎም ከመግዛቱ በፊት ማብሪያው ላይ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መጻፉን ይይ፤ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ብቻ ከሆነ እዚህ በተገጠመበት ቅጽበት ይቃጠላል።

ከመለሰኑ በፊት በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሱ። ዕቃው ሲገጠም ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማብሪያው «ጠፍቶ ይቆይ» ተብሎ ይስተካከል፤ አለበለዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኃይል ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ይበራል።

ከኮምቦልቻ። ከመሬቱ ሮቶ ወደ ጣሪያው ሮቶ ውሃ የምትገፋ ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ አለችን። በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ላይ ሰካኋት። ሁለት ወር ሠርታ አንድ ቀን በስልኩ ባጠፋትም አልጠፋ አለች፤ ውሃው በጣሪያ ፈሰሰ። ሶኬቱ ፎርጅድ ነው?

ላይሆን ይችላል። ፓምፗ ስትሠራ 5 አምፔር ያህል ትስባለች፤ ስትነሳ ግን ለቅጽበት ከ25 እስከ 35 አምፔር ትጠይቃለች። ሶኬቱ ላይ 16 አምፔር የተጻፈው ለሞተር አይደለም። በተነሳች ቁጥር ውስጡ ብልጭታ ይፈጠራል፤ አንድ ቀን ሁለቱ መነካኪያዎች ይበየዳሉ። ስልኩ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፗ ትገፋለች።

መካከል ላይ ባለ 220 ቮልት ኮይል ኮንታክተር (ኮይሉ ኃይል ሲያገኝ የሞተሩን መስመር የሚዘጋ ጠንካራ ማብሪያ) እና የሞተር መከላከያ ሪሌይ ያስገጥሙ፤ በስልክ የሚታዘዘው ዕቃ ኮይሉን ብቻ ያብራ። ከኮይሉ ጋር በተከታታይ ሁለት ፍሎት (ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ማብሪያ) ይግቡ፦ የላይኛው ሮቶ ሲሞላ የሚቆርጥ፣ የታችኛው ሲደርቅ የሚቆርጥ። ያኔ ኢንተርኔት ቢጠፋም ውሃው አይፈስም፣ ፓምፗም በደረቁ አትቃጠልም። ለፍሎቱ ሽቦ ከጣሪያ እስከ ፓምፗ ባለ 20 ሚሊ ሜትር የሽቦ ቱቦ ያስፈልጋል። ምጣድም እዚያ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩ፤ 3.5 ኪሎ ዋት ማለት 16 አምፔር ነው፣ ያውም ያለ ዕረፍት። ምጣድን ከሩቅ ማብራት ራሱ አይመከርም።

ከሐይቅ። የአባቴን ጭቃ ቤት እያደስኩ ነው። ግድግዳው ሲነካ ይረግፋል፤ በስልክ ለሚታዘዝ ማብሪያ ኒውትራል በምን ላውርድ?

አያውርዱ። በስልክ የምትታዘዝ ትንሽ ሞጁል አለች፤ ፌዝም ኒውትራልም ያለበት ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ ትገባለች። ወደ ማብሪያው የሚወርዱት ሁለቱ ነባር ሽቦዎች ከሞጁሏ የማብሪያ መግቢያ ጋር ይያያዛሉ፤ አሮጌው ማብሪያ እንደ ድሮው ይሠራል። ቦክሱ 100 በ100 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ክዳኑም በምርግ አይሸፈን። ተጨማሪ መስመር ከፈለጉ በግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ካናል ይዘርጉ፤ ብሎኑ ቋሚው እንጨት ላይ ይያዝ። ጭድና እንጨት ባለበት ግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ ሽቦ መቅበር ግን እሳት መጥራት ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ። አራት ካሜራ አስገጥሜያለሁ፤ ኃይል የሚያገኙት በራሱ በኔትወርክ ኬብሉ ነው። ቀን ደህና ናቸው፤ ሲመሽ ሩቁ ካሜራ ይጠፋል፣ ይመለሳል።

ኬብሉ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይመስላል። ሲመሽ ካሜራው የማታ መብራቱን ስለሚያበራ ብዙ ኃይል ይስባል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ከመዳብ ይልቅ ስለሚያግድ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ካሜራውም ደጋግሞ ይነሳል። የአንዱን ክር ጫፍ በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ነገሩ ያ ነው። ካርቶኑ ላይ ካት 6 (የኬብል ደረጃ) መጻፉ ምንም አይነግርዎትም። መዳብ ሆኖ ከተገኘም ርዝመቱን ይለኩ፤ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ኬብሉ ቱቦ ውስጥ ካለ አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስረው ከወዲያ ይሳቡት። ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አያስገቡት፤ ጎን ለጎን ከሄዱ 20 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ሩቁን ካሜራ አውርደው በ2 ሜትር ኬብል ስዊቹ (የካሜራዎቹ ኬብል የሚሰካበት ማከፋፈያ) አጠገብ ያሳድሩት። ሳይጠፋ ካደረ ካሜራው ጤነኛ ነው፤ የሚቀየረው ኬብሉ ነው።