ስልኩን ወይስ ብሩን?
ወንድሜ፣ መሥሪያ ቤትህ ለምርጥ ሠራተኛ «አዲስ ስልክ ወይ ብር ምረጥ» ካለህ፣ እኔ ብሩን ውሰድ ነው የምልህ። «በአዲስ ስልክ ፐብጂ ይሻለኛል» ያልከው አላሳመነኝም። በዚህ የኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ የሚያስገድልህ ፒንጉ ነው፤ ስልክህ የላከው ትእዛዝ የጨዋታው ኮምፒውተር ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። 100 ሰው ባለበት ጨዋታ ፒንግህ 300 ሚሊሰከንድ ከገባ፣ አንተ ሳትተኩስ ሰውዬው ጨርሶሃል። ቪዲዮ ቶሎ ስለከፈተልህ አትሸወድ፤ ፍጥነት ሌላ፣ ፒንግ ሌላ።

እኔ አምና ስልኩን መረጥኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ፐብጂን ከፈትኩ። አምስት ሰው ሲቀር ኔትወርኩ ጥሎኝ ጠፋ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀብኝ!

በብሩ ቤት ዋይፋይ አስገባ፣ ከራውተሩ አጠገብ ሆነህ ተጫወት። የምርጥ ሠራተኛነት የምስክር ወረቀቱን ግን እንዳትጥለው፣ እናትህ ሳሎን ትሰቅለዋለች።