«ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ የጎረቤቴን ልጅ ባዮሎጂ አስጠና ነበር። ጽንስ እንዴት እንደሚጀምር ስነግረው አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ዝም አልኩ። ቃሉ የራሴ ነበር።

1978 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ድሬዳዋ አስተምር ነበር። ክፍሉ እንደ ምጣድ ግሏል። የባቡሩ ጡሩምባ ሲሰማ ግማሹ ተማሪ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ከኋላ የምትቀመጥ፣ እናቷ ቀፊራ ገበያ እንቁላል የምትሸጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንቁላሉ ቀድሞም አለ። ታዲያ ‹አሁን ጀምር› ብሎ የሚቀሰቅሰው ምንድነው?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አፈርኩ። «ፈተና ላይ የማይመጣ አትጠይቂኝ» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ዓመቱ እስኪያልቅ እጇን አላወጣችም።

የሚያንገበግበኝ፣ መልሱ ያኔም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎች ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ የጄሊፊሽ ፕሮቲን ሜዳካ በምትባል ትንሽ ዓሣ እንቁላል ውስጥ አስገብተው ነበር። እንቁላሉ ሲዳብር ብርሃኑ ቦግ አለ። ቀስቃሹ ካልሲየም ነው።

የእኛ ዓይነት አጥቢዎች እንቁላል የሴል ክፍፍሉን መሃል ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ስፐርሙ ፒኤልሲ ዜታ የሚባል ፕሮቲን ይዞ ይገባል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እሱ አይፒ3 የተባለ መልእክተኛ ያስነሳል፤ መልእክተኛው የእንቁላሉን የካልሲየም ጎተራ ይከፍታል። በአይጥ እንቁላል ካልሲየሙ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ እየቆየ ከፍ ዝቅ እያለ ለሰዓታት ይቆያል። ለሌላ ስፐርም በሩ ይዘጋል፤ የቆመው ክፍፍል ይቀጥላል። ስፐርም በመርፌ ገብቶለት አልነቃ ላለ የሰው እንቁላልም አንዳንድ ሐኪሞች ካልሲየም የሚያስገባ መድኃኒት ይሞክራሉ።

ፈተናውን አጥኑ፤ እንጀራ ነው፣ አልንቀውም። ግን እናንተ መልስ ስልካችሁ ላይ ስላለ ጥያቄ ማሳደር ትታችኋል። ትዕግሥት የላችሁም።

ደግሞ እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ ያው የጎረቤቴ ልጅ የዚያኑ ቅዳሜ ማታ በሬን አንኳኳ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አግኝቷል። ብርሃኑ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ እንቁላሉን እንደ ማዕበል ያቋርጣል። ሦስቴ ደጋግመን አየነው። ከሄደ በኋላ ብቻዬን አራተኛ ጊዜ አየሁት። ያቺን ልጅ ጠርቼ ባሳየኋት አልኩ።