ፕሮግራሜ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ደበዘዘ፤ ከስር ልጀምረው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. ቪዥዋል ቤዚክ 6 በሚባለው የድሮ የፕሮግራም መሥሪያ የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቼ ለመድኃኒት ቤቶች፣ ለህንፃ መሣሪያ መደብሮችና ደሴ ላሉ ጅምላ ነጋዴዎች ሸጫለሁ። እስከ ዛሬ ይሠራል። ጣጣው የመጣው ደንበኞቼ አዳዲስ ላፕቶፕ መግዛት ሲጀምሩ ነው። አንዱ «ጽሑፉ ደቀቀብኝ፣ አይነበብም» ይለኛል። ሌላው «ይደበዝዛል፣ ዓይኔን አመመኝ» ይላል። ሦስተኛው ጋ «መዝግብ» የሚለው በተን ጭራሽ አይታይም። ምን ይስተካከል ብዬ በወረቀት ጠየቅኳቸው። ግማሹ ቀለሙን ቀይርልን፣ ግማሹ ምንም እንዳትነካብን አሉኝ። ማንን ልስማ? ወይስ ሁሉንም ትቼ በዌብ እንደ አዲስ ልሥራው? እንደ ታናሽ ወንድምዎ ይምከሩኝ።

መልስ

አብሽር ወንድሜ። ሦስቱ ደንበኞችህ የሚነግሩህ ስለ አንድ ነገር ነው። ሁሉንም ስማቸው።

ያን ጊዜ ብዙ ቢሮ ውስጥ የነበረውን 17 ኢንች ጠፍጣፋ ስክሪን አስታውስ። 1280 በ1024 ነበር። በአንድ ኢንች ውስጥ 96 ገደማ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች፣ ይይዛል። ዊንዶውስ ጽሑፍና ሥዕል የሚያሳድግበት ማስተካከያ ስኬል ይባላል፤ 100 በመቶ የሚለው መጠንም በዚህ 96 ላይ የቆመ ነው። አሁን መድኃኒት ቤቱ የገዛው 14 ኢንች ላፕቶፕ 1920 በ1080 ከሆነ፣ በአንድ ኢንች 157 ፒክስል አጭቋል። ያው ፊደል፣ ያው የፒክስል ብዛት፣ ግን ቦታው ጠቧል። ስለዚህ ስኬሉን 100 ላይ ያደረገው ደንበኛ ደቀቀብኝ ይልሃል። ልክ ነው።

ሌላው ስኬሉን 150 ላይ ትቶታል። ያንተ ፕሮግራም ደግሞ ስለ ስኬል ምንም እንደማያውቅ ዊንዶውስ ይረዳል። ስለዚህ በ96 ያስለውና ሥዕሉን እንደ ፎቶ ይለጥጠዋል። የተለጠጠ ፎቶ ይደበዝዛል። ይሄም ልክ ነው።

ሦስተኛውስ? 1920 በ1080 በ150 በመቶ ሲታይ ለፕሮግራምህ የሚቀረው 1280 በ720 ብቻ ነው። ከታች ያለው የዊንዶውስ ባር ሲነሳ ቁመቱ ከ680 አይበልጥም። ፎርምህን፣ ማለትም የፕሮግራሙን መስኮት፣ 768 ቁመት ላላቸው ስክሪኖች አሰፍተኸው ከሆነ፣ ታች ያስቀመጥከው በተን ከስክሪን ውጭ ወድቋል። ካሸሯ በተኑን ፈልጋ ስታጣ ደንበኛው ፊቷ ቆሞ ይጠብቃል። ከሦስቱ ቅሬታ ቀድሞ መፈታት ያለበት ይሄ ነው። የደቀቀም የደበዘዘም እንደምንም ይነበባል፤ የጠፋ በተን ግን ሥራ ያቆማል።

ለዛሬ የሚሆን ማስታገሻ አለ። የፕሮግራሙን ፋይል በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ ቼንጅ ሀይ ዲፒአይ ሴቲንግስ። እታች ያለችውን ሳጥን ምልክት አድርግና «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለውን ምረጥ። ይህ አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ2017 የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ አለ። እንዳንተ ዓይነት የቆዩ ፕሮግራሞችን ጽሑፍ በደንብ ያጠራል። ለደበዘዘበት ደንበኛ በስልክ እየመራህ ልታስተካክልለት ትችላለህ። በተን የጠፋበትን ግን አይረዳውም።

ዋናው ሥራ ኮዱ ውስጥ ነው። ማኒፌስት የሚባለውን ትንሽ ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር አያይዝና «ስኬሉን ራሴ እችለዋለሁ» ብሎ ለዊንዶውስ እንዲናገር አድርግ። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የሚለካው በትዊፕ ስለሆነ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነህ። አንድ ኢንች 1440 ትዊፕ ነው፤ ፎርሙና ፊደሉ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ያድጋሉ። የሚሰበረው ኮድህ ውስጥ 15ን በእጅህ የጻፍክበት ቦታ ነው። በ100 በመቶ አንድ ፒክስል 15 ትዊፕ ነው። በ125 በመቶ 12 ይሆናል፣ በ150 ደግሞ 10። ስለዚህ 15ን ኮዱ ውስጥ አንድ በአንድ ፈልገህ፣ ከስክሪኑ በሚነበብ ዋጋ ተካው። 175 በመቶ ላይ ቁጥሩ ሙሉ ስለማይወጣ እዚያ ላይ በተለይ ፈትሽ። ኤምኤስ ሳንስ ሰሪፍ የሚባለውን ፊደል አውጥተህ ታሆማ አድርግ፤ የድሮው በነጥብ የተሳለ ስለሆነ እንደልብህ አያድግም። 16 በ16 የነበሩ አይኮኖችም ተለቅ ባሉ ይተኩ። በመጨረሻ ፎርሙ ሲጠብ የዕቃ ዝርዝሩ እንዲያጥር፣ «መዝግብ» ግን ምንጊዜም ታች ላይ ተጣብቆ እንዲቆይ የፎርም ሪሳይዝ ኮድ ጻፍ። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከስር ከመጀመር በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። «ምን ይቀየር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልስ ላለማጣት ቀለም ይላል። አትፍረድባቸው። ሰው የሚያውቀው የሚያመውን ቦታ ነው፤ መድኃኒቱን ማወቅ ያንተ ሥራ ነው። ስለዚህ ጥያቄህን ቀይር። ካሸሯን «መጨረሻ ላይ ያስቸገረሽ ምን ስትሠሪ ነው?» በላት። ሙሉ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልህ። በዊንዶውስ ስክሪንሾት ብቻ አትተማመን፤ የተቆረጠውንና በዓይን የሚታየውን መጠን የሚያሳይህ የስልክ ፎቶ ነው። ከፎቶው ጋር ስኬሉ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቅ። ያችን አንዲት ቁጥር ስታገኝ ግማሹ እንቆቅልሽ ይፈታል።

ደግሞ ማን እንደመለሰልህ ለይ። ባለቤቱ የሚያየው የወር ሪፖርት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ካሸሯ ናት። እኔ ለእሷ ዓይን ነው የማስበው። ወረቀቱን ባለቤቱ ሞልቶት ከሆነ እሷ ገና አልተጠየቀችም። ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ስትመጣ በገበያ ቀን ና፤ ጅምላ መደብር ውስጥ ከካሸሯ ጎን ወንበር ስበህ ቁጭ በል። ዝም ብለህ እይ። ስክሪኑን ብዙም እንደማታየው ታስተውላለህ። ጣቷ ነው የሚያውቀው። ኮድ፣ ኢንተር፣ ብዛት፣ ኢንተር፣ ዋጋ። «ምንም እንዳትነካብን» ያሉህ ሰዎች የሚጠብቁት ይህን ነው።

ፒያሳ አካባቢ የማውቀው አንድ መደብር ፕሮግራሙን ሌላ ባለሙያ ሲያድስለት ዋጋው ከብዛቱ በፊት ተቀመጠ። ለማየት ያምር ነበር። ካሸሯ ግን በለመደችው ቅደም ተከተል ብዛቱን ዋጋ ላይ ትጽፍ ጀመር፤ ማታ ሒሳብ አልገጥም ብሎ ጉድለቱን ከደመወዟ ሊቆርጡ ደርሰው ነበር። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ስለዚህ መልኩን አሳድገው፣ አጥራው፤ የኢንተርና የታብ ቅደም ተከተሉን ግን እንዳለ ተው።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የኮምቦልቻ ሱቅ በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ዛሬ ፋሽን የሆነውን በነጭ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጽሑፍ እንዳትሞክረው። ጥቁር በነጭ ይሁን።

ከስር ልጀምር ወይ ላልከው፦ ለስክሪኑ ብለህ አትጀምር። ማይክሮሶፍት ለቪዥዋል ቤዚክ 6 መሥሪያው ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2008 ቢያቆምም፣ ፕሮግራሙ ዊንዶውስ 11 ላይም ይሄዳል። እንድትጀምር የሚያደርግህ ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ አማርኛው ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ገብቷል። የቪዥዋል ቤዚክ 6 መደበኛ ሳጥኖች ግን ዩኒኮድ አያሳዩም። የዕቃ ስም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ ከሆነ፣ ፎንቱ የሌለበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ደንበኞችህ ይህን ካማረሩ ያኔ ሲ ሻርፕ ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሸጋገር ተገቢ ነው። ለመስኮቶቹ መሥሪያ ደብሊው ፒ ኤፍ የሚባለውን ብትመርጥ ገና ከመነሻው ከስኬሉ ጋር አብሮ ያድጋል። እሱንም ቢሆን ከሽያጭ ፎርሙ ጀምረህ አንድ በአንድ አሻግር። ዌብ ላይ አትቸኩል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ መድኃኒት ቤቱ መሸጥ አለበት።

የተስተካከለውን መጀመሪያ ለአንድ መድኃኒት ቤት ብቻ ስጥ፤ በጣም የምታማርርህ ካሸር ያለችበት ቢሆን ይመረጣል። ዳታቤዙን ኮፒ አስቀምጥ፣ የድሮውን ፕሮግራም አታጥፋባት። ክፍያውን ከአሁኑ ለይተህ ተነጋገር። በተን የጠፋበትንና የደበዘዘበትን በነፃ አስተካክልለት፤ የሸጥክለት ዕቃ ነውና። የአማርኛውን ሽግግር ግን እንደ አዲስ ሥራ ዋጋ አውጣለት።