ጌኮው ገባ ወይስ ጌኮዋ ገባች?

አንድ የሸዋሮቢት አንባቢ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ማታ አምፖሉ ስር ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትንኝ የምትለቅመዋን ገርጣ ያለች እንሽላሊት ልጄ ጌኮ ነው የምትባለው አለኝ። ጌኮው ገባ ልበል ጌኮዋ ገባች? ሚስቴ ደሞ መርዛማ ነች ትላለች።»

እኔ ብሆን እንሽላሊቷ ገባች ብዬ እገላገል ነበር። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ኢት» ይዩልኝ፣ ሙሽራን ሙሽሪት አሮጌን አሮጊት ያረገች እሷ ነች፣ ሸረሪትና እንቁራሪት ላይም አለች፣ እና አፋችን ሳያስበው «እሷ» የሚላቸው በሷ ምክንያት ነው ባይ ነኝ። የለም፣ አማርኛ ትንሽ ነገርን ሁሉ በአንስታይ ይጠራል፣ «ኢት» ምንም አላረገችም የሚሉ አሉ። እሺ፣ ማስረጃቸው ከኔ ይበዛል፣ የኔ ግን ያምራል።

ጌኮ ከማላይ ቋንቋ ነው የመጣው፣ እዛ ደቡብ ምስራቅ እስያ ቶኬይ የሚባለው ትልቁ ዘመዷ ሌሊት የሚጮኸውን ቀድተው ስም አረጉት፣ ፈረንጅ ከነሱ ወሰደ እኛ ከፈረንጅ። ሸዋሮቢት ውስጥ ጌ-ኮ ብላ የጮኸች ሰምተው ያውቃሉ?

እንሽላሊት ቀን ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀዋ ናት፣ የሌሊቷ የራሷ ስም ይገባታል የሚሉት ናቸው የሚያስቸግሩኝ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ እውነት ነው። ባትሪ አብርተው ጠጋ ብለው ቢያዩዋት አይኗን አትጨፍንም፣ የሚከደን ቆብ የለውማ፣ ሲቆሽሽባት በምላሷ ትልሰዋለች፣ ብሌኗም እንደ ድመት ቁም ስንጥቅ ነው። መስታወት ላይ የምትወጣውም ሙጫ ኖሯት ሳይሆን ጣቶቿ ስር ያሉት ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ብሩሾች ከግድግዳው ጋር ስለሚሳሳቡ ነው፣ ቫን ደር ዋልስ የሚሉት ኃይል፣ በሙከራ የታየው ገና በፈረንጅ 2002 ነው። የሳይንስ ስሟማ ሌላ ጣጣ ነው፣ ብዙዎቹ የቤት ጌኮዎች ሄሚዳክቲለስ ናቸው፣ በግሪክ ግማሽ ጣት፣ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊም ከምፅዋ ያገኛትን አንዷን በፈረንጅ 1835 በዚሁ ወገን መዝግቧታል። ያም ሆኖ አርጃኖን ከእስስት የለየ አማርኛ «የሌሊት እንሽላሊት» ማለት አያቅተውም ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ፣ ልጁ ጌኮ ብሏል፣ ጓደኞቹም ይላሉ፣ ቃሉ ገብቷል። ብቻ ሲያበዛ «ጌኮዎች» ይበል፣ «ጌኮስ» እንዳልሰማ፣ ፆታዋም «ጌኮዋ ገባች» ነው። መርዝ የላትም፣ መጥረጊያውን ያስቀምጡላት።